«ጭንቀት ነው» ከማለታችን በፊት
ናይሮቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ ዲስኩር



ናይሮቢ የሚኖር ሐበሻ ልቡ የሚደልቅበት ምክንያት አያጣም። የቤት ኪራይ አለ፤ የወረቀት ጉዳይ አለ፤ ኢስሊ ሰፈር መንገድ ላይ «ኪታምቡሊሾ»፣ መታወቂያ፣ የሚል ፖሊስ አለ፤ ከአገር ቤት ስልክ በደወለ ቁጥር «ምን ተፈጠረ?» የሚያሰኝ ስጋት አለ። ስለዚህ አንድ ሰው «ልቤ ይመታል» ሲል ጎረቤቱም፣ ኬሚስት ውስጥ የሚሸጠው ልጅም፣ አንዳንዴም ነጭ ጋውን የለበሰው ባለሙያ «ጭንቀት ነው፣ ይለፍልህ» ብለው ይሸኙታል። ዛሬ የመጣሁት ይህን መልስ ለመሟገት ነው። ጭንቀት ልብን አያስደልቅም ልላችሁ አይደለም፤ ያስደልቃል፣ ያውም ክፉኛ። ነገር ግን ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ሲያበቃ የሚደረስበት መልስ ነው እንጂ በር ላይ የሚሰጥ መልስ አይደለም።

ነገሩን በቁጥር ላስደግፈው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ እዚህ የምንኖረውም በእሱ ነው። በ1996 አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ «ልቤ ይደልቃል» ብለው የመጡ 190 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ወጣ። ከእነርሱ 43 በመቶው ላይ ምክንያቱ ልብ ራሱ ሆኖ ተገኘ። 31 በመቶው ላይ ጭንቀትና መሰል የአእምሮ ሕመም ነበር። 10 በመቶው መድኃኒት፣ ታይሮይድ፣ ደም ማነስና የመሳሰለው ሲሆን የቀረው ምክንያቱ ሳይገኝ ቀረ። በዓመቱ፣ በ1997፣ ሌላ ጥናት ወጣ። ይኼኛው የልባቸው የኤሌክትሪክ መስመር ችግር እንዳለበት በምርመራ የተረጋገጠ 107 ሰዎችን ወደ ኋላ ተመልሶ ታሪካቸውን ይጠይቃል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ 55 በመቶው፣ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ሕመማቸው አልታወቀላቸውም ነበር። ካልታወቀላቸው መካከል ብዙዎቹ «ጭንቀት ነው» ተብለው የተመለሱ ናቸው፤ ይህ ስም ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ላይ በዝቶ ተለጥፏል። አሜሪካ፣ መሣሪያው ሁሉ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ እዚህ ቋንቋ በአስተርጓሚ እየተሻገርን የምንታከመው እኛ እንዴት እንደምንሆን ገምቱት።

እንግዲህ መጀመሪያ የምፈልገው የልባችሁን ታሪክ ነው። «ልቤ ይመታል» ብቻ አይበቃኝም፤ ጠረጴዛው ላይ በጣታችሁ እንደሚመታው አድርጋችሁ ምቱልኝ። እንዴት ነው የሚነሳው? እንዴትስ ነው የሚያቆመው? ቀስ እያለ ጨምሮ ቀስ እያለ የሚበርድ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ልብ ራሱ ደህና ነው፤ ሌላ ነገር እያስሮጠው ነው፤ ትኩሳት፣ ደም ማነስ፣ የውኃ ጥም፣ ፍርሃት። አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቀጥሎ «ድው!» የሚል ከሆነ፣ ያለ ጊዜዋ የመጣች ምት ናት። ከእርሷ በኋላ ልብ ትንሽ ያርፋል፤ ባረፈበት ሰዓት ደም በደንብ ይሞላበታል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ምት ከሌላው ይበልጥ ይሰማችኋል። ይህ ጤነኛ ሰው ላይም በብዛት የሚታይ ነው፤ ሌሊት በግራ ጎናችሁ ስትተኙ በደንብ የሚሰማችሁም እሱ ነው። በአንድ ቅጽበት፣ ማብሪያ እንደተጫነ፣ ወደ 150 እና 200 ዘሎ፣ ከደቂቃዎች ወይም ከሰዓት በኋላ እንዲሁ በአንድ ቅጽበት የሚያቆመው ግን የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ነው። አንገት ላይ ሲደልቅ ይታወቃል፤ ሲያበቃም ብዙ ሰው ሽንቱ ይመጣበታል። ሽንት ከልብ ጋር ምን አገናኘው ብላችሁ ሳትናገሩት እንዳትቀሩ፤ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው። ምንም ሥርዓት የሌለው፣ አንዱ ቶሎ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ጠንካራ አንዱ ደካማ የሆነው ምት ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ልብ እዚያ ነው።

ድንገት ተነስቶ ድንገት ለሚቆመው ዓይነት ቤት ውስጥ የሚሠራ ብልሃት አለ። ሐኪም አንድ ጊዜ ካሳያችሁ በኋላ ማለቴ ነው። ተቀምጦ ባዶ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አፍ ላይ አድርጎ ለ15 ሰከንድ በኃይል መንፋት፣ ወዲያው በጀርባ መተኛትና ሌላ ሰው እግርን ለ15 ሰከንድ ወደ ላይ እንዲይዝ ማድረግ ነው። በ2015 እንግሊዝ ውስጥ በ428 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ፣ ይህን ካደረጉት 43 በመቶው ምታቸው ተስተካከለ፤ እግር ሳይነሳ በዱሮው መንገድ የነፉት ግን 17 በመቶ ብቻ። ከመድኃኒት ቤት በጥቂት ሽልንግ የሚገዛ ሲሪንጅ ነው።

አሁን ወደ ተከሳሾቹ ልምጣ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ተከሳሽ ቡና ነው። «አቦሉን ጠጥቼ ዝም አለ፣ ቶናው ላይ ጀመረኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቡና ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው አልልም፤ የሚያስደነግጥ ክስ ግን አልተረጋገጠበትም። በ2023 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 100 ጤነኛ ሰዎችን የልብ መቅጃ አስሮ አንድ ቀን ቡና ጠጡ፣ ሌላ ቀን ተዉ እያለ ተከታተላቸው። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሱት ያለጊዜ ምቶች በቡና ቀን አልጨመሩም። ከታችኛው ክፍል የሚነሱት ግን በግማሽ ያህል ጨመሩ። እንቅልፋቸው 36 ደቂቃ ገደማ አጠረ፤ የእግር ጉዟቸው ደግሞ 1,000 እርምጃ ያህል በለጠ። ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። እኔ በበኩሌ ቡናውን ትቼ ከሥሩ ያለውን እጠይቃለሁ፦ ከሰሉን።

ከጁን እስከ ኦገስት ናይሮቢ ሲበርዳት ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። የከሰል ምድጃው፣ ጂኮው፣ ወደ ክፍል ይገባል፤ መስኮቱ ይዘጋል፤ ጀበናው ይጣዳል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዷ ራሴን አመመኝ ትላለች፤ ሌላዋ ልቤ ይመታል ትላለች፤ ሦስተኛዋ ያጥወለውላታል። «ቡናው ከብዶ ነው» ይባላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። አካል ኦክስጅን ሲያጣ ልብ ለማካካስ ይሮጣል። ፍም የሆነ ከሰል አይጨስምና አይጎዳም ብላችሁ አትታለሉ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ከታመመ፣ ወጥቶ ንጹሕ አየር ሲያገኝ ከተሻለው፣ ነገሩ ከቡናውም ከጭንቀቱም አይደለም። መስኮት ክፈቱ፤ ማታ ደግሞ ጂኮ አስገብቶ የሚተኛ ሰው ልቡ ለመደለቅ እንኳ ጊዜ ላያገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ተከሳሽ ጫት ነው፤ እዚህ ላይ ክሱ ጠንካራ ነው። ሜሩ ውስጥ የሚበቅለው ጫት፣ ሚራ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በሚበርሩ መኪኖች ወደ ናይሮቢ የሚጫነው ለምን ይመስላችኋል? ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ቅጠሉ በደረቀ ቁጥር ስለሚዳከም ነው። ካቲኖንን የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ በ1975 ለይቶ አውጥቶታል፤ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። የምርቃናው ሰዓት ልብ የሚሮጥበት ሰዓት ነው። በየመን የተደረጉ ጥናቶች አዘውትሮ መቃምን ከድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋት ጋር አያይዘውታል። ከዚያ ጨብሲው ይከተላል። አልኮል ራሱን ችሎ የልብ ምት ያዛባል፤ በ1978 የአሜሪካ ሐኪሞች ከበዓልና ከሰንበት መጠጥ በኋላ ለሚመጣው የምት መዛባት ለብቻው ስም አውጥተውለታል። የበርጫ፣ የጨብሲና የእንቅልፍ ማጣት ድምር በማግስቱ ልቡ ለሚደልቅበት ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠር ምክንያት ነው። ግን እውነቱን ለሐኪሙ ይንገር። «ትቅማለህ ወይ?» ሲባል «አልፎ አልፎ» የሚል መልስ ማንንም አይጠቅምም።

መድኃኒት ቤት የምንገዛቸውንም አንርሳ። ለአስም የሚነፋው ቬንቶሊን፣ አፍንጫ የሚከፍተው የጉንፋን ክኒን፣ ውፍረት ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጠው ሻይ፣ ሁሉም ልብ ሊያስሮጡ ይችላሉ። ለደም ግፊት የሚሰጠው የሚያሸና ክኒን ፖታሲየም አጥቦ ሲያወጣ ምት ያዛባል። አንዱ የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ጓደኛ ለጓደኛ የልብ ምት የሚቀንሰውን ኢንደራል ያካፍላል፤ ልብ ዝም ይላል፤ ክኒኑ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ልብ ከበፊቱ ብሶ ይነሳል። ያ መድኃኒት በአንዴ የሚተው አይደለም።

ስለ እንቅርት ጥቂት ልበል፤ ከደጋው የመጣን ብዙዎቻችን እናቶቻችን አንገት ላይ እያየነው ያደግን ነን። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ሰው እየበላ ይከሳል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው ሲበርደው እሱን ይሞቀዋል፤ ልቡ ተኝቶ እንኳ ይሮጣል። ፊቱም ንግግሩም የተጨነቀ ሰው ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ይኸውና እሱም «ጭንቀት» ተብሎ ይሸኛል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ኬንያ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገደደችው በ1978 ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2011 ነው። አዮዲን ሳያገኝ የቆየ አሮጌ እንቅርት ድንገት አዮዲን ሲያገኝ ከመጠን በላይ መሥራት ሊጀምር ይችላል፤ በ1990ዎቹ ዚምባብዌ ጨው ላይ አዮዲን ስትጨምር እንዲህ ያለ ታማሚ መብዛቱ ተመዝግቧል። ይህን ስላችሁ ጨውን ሽሹ ማለቴ አይደለም፤ አዮዲኑ ለልጆቻችን አእምሮ ያስፈልጋል። አንድ የደም ምርመራ አስደርጉ ነው የምለው።

አሁን ቅድም በኋላ እመለስበታለሁ ወዳልኩት ሥርዓት የለሽ ምት ልሂድ።

አንዲት የ24 ዓመት ሴት በሐሳባችሁ ያዙ። ጎንደር ገጠር ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ኢስሊ አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ የምትኖር። አምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ሳታርፍ መውጣት አቅቷታል፤ ሌሊት ልቧ ሥርዓት በሌለው መንገድ ይመታል፤ ትራስ ካልደረበች አየር ያጥራታል። ባሏ ሞያሌ ላይ ተይዞ ቀርቷል። ምን ትባላለች? «ትጨነቂያለሽ፤ ደግሞም እርግዝናው ነው።» ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ትጨነቃለች፣ አርግዛለችም። ግን ሕመሟ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የጀመረውም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጉሮሮዋን ባመማት ሳምንት ነው።

ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጅን ጉሮሮ ያቆስላል። ቶንሲል ነው ይባላል፤ ወይ እንጥል ይቆረጣል፤ ወይ በራሱ ያልፋል ተብሎ ይተዋል። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አያስወጣም። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ያተኩሳል፤ ጉልበቱ ያብጣል፤ ነገ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከነገ ወዲያ ክንዱ። «ብርድ መታው» ተብሎ ይታሻል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ ጠባሳ አይቀርበትም። ጠባሳው የሚቀረው ልብ ውስጥ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመግደል ያሰናዳው ኃይል የልብን በሮች ይለበልባል፤ በሩም ዓመታት ባለፉ ቁጥር እየወፈረና እየተጣበቀ ይጠብባል። በተለይ በግራ በኩል ያለው፣ ማይትራል የሚባለው በር ሲጠብ፣ ደም ከኋላው ይከማቻል፤ የላይኛው ክፍል እንደ ተነፋ አቁማዳ ይለጠጣል፤ ተለጥጦም ሥርዓት ያለው ምት ያጣል። ያ ሥርዓት የለሽ ምት ይህ ነው። ክፍሉ ከመምታት ይልቅ ይርገበገባል፤ የቆመ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም አንድ ቀን ወደ አንጎል ይሄድና ወጣት ሴት በግማሽ ጎኗ ሽባ ሆና ታድራለች።

እርግዝና ለምን ያወጣዋል? ነፍሰ ጡር ሴት የደሟ መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራል። ጠባብ በር የሚችለውን ያህል ሲያሳልፍ ኖሮ በአምስተኛው ወር ሲበዛበት ያቅተዋል። ስለዚህ አንዲት ነፍሰ ጡር ልቧ ሲመታና ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ስለ ልጅነቷ ጉሮሮና ጉልበት ያልጠየቀ ሐኪም ሥራውን አልጨረሰም። ስቴቶስኮፕ ይደረግ፤ የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ፣ ይነሣ። በኢኮ የጠበበ በር በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል።

ይህ፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው፣ የምዕራቡ ዓለም የረሳው ሕመም ነው፤ እኛ ግን እንድንረሳው አልተፈቀደልንም። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 ልባቸው ለታመመ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት መርጃ ድርጅት አቋቁመው፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ በ2009 እስኪከፈት 20 ዓመት ያህል ሕፃናትን ወደ ውጭ አገር ሲያሳክሙ ኖረዋል። እዚህ ናይሮቢ ሳውዝ ቢ ያለው ማተር ሆስፒታል ከ1993 ጀምሮ ለልጆች የልብ ቀዶ ሕክምና ገንዘብ ለማሰባሰብ ሕዝብን ሲያስሮጥ ኖሯል። በ2015 የአፍሪካ ሐኪሞችና የአፍሪካ ኅብረት ሰዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ይህን ሕመም ለማጥፋት የሚያስፈልገውን በጽሑፍ አውጥተዋል፤ ከመጀመሪያዎቹ ጉዳዮች አንዱ በየሦስት አራት ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየቦታው መገኘት ነው። ርካሽ መድኃኒት ነው። ርካሽ መሆኑ ራሱ ነው አንዳንዴ የሚያጠፋው፤ ትርፍ የሌለውን ማን አምራች ይሽቀዳደምበታል?

ወደ ጭንቀቱ ልመለስ፤ ተሟግቼዋለሁና ድርሻውን ልስጠው። በ1871 ጃኮብ ዳ ኮስታ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከእርስ በርስ ጦርነት የተመለሱ ከ300 በላይ ወታደሮችን መርምሮ፣ ልባቸው የሚደልቅ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ በልባቸው ላይ ግን በዓይን የሚታይ ጉዳት የሌላቸው ሰዎችን በጽሑፍ አስቀመጠ። ጦርነት ውስጥ ያለፈ ሰው ልብ እንዲህ ይሆናል። በእኛም መካከል በኤፕሪል 2014 ኢስሊ በፖሊስ ሲታሰስ፣ ሰው በሺዎች ተለቅሞ ካሳራኒ ስታዲየም ሲገባ ያዩ አሉ፤ ዛሬም ሌሊት በር ሲንኳኳ ልባቸው አፋቸው ላይ ይደርሳል። ያ ሕመም ነው፣ መታከምም አለበት። ሲመጣ በደቂቃዎች ውስጥ ጣራ ይነካል፤ ጣት ይደነዝዛል፣ ከንፈር ይወርረዋል፤ ሰውየው አሁን ሞትኩ ይላል። ጣት የሚደነዝዘው በፍርሃት ትንፋሽ ስለሚበዛ ነው። ፍርሃቱ ቀድሞ ምቱ ከተከተለ አንድ ነገር ነው፤ ምቱ ቀድሞ ፍርሃቱ ከተከተለ ሌላ። ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ሆስፒታል ስትሄዱ የልብ ምትን የሚቀዳውን ኢሲጂ ያነሱላችሁና «ደህና ነው» ትባላላችሁ። ኢሲጂ የተነሳበትን ጥቂት ሰከንድ ነው የሚያውቀው፤ ልባችሁ የደለቀው ትናንት ማታ ከሆነ ስለ ትናንት ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ የቀኑን ሁሉ ምት የሚቀዳ ሆልተር ይታሰራል። ኖርማን ሆልተር መጀመሪያ የሠራው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘል ሆኖ 38 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ የዛሬው ደረት ላይ ተለጥፎ ይረሳል። ሆልተር ካልተገኘ፣ ምቱ ሲነሳ የእጃችሁን ደም ሥር ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ፤ እኩል ይሁን የተዛባ ጻፉት። ከዚያ ሄሞግሎቢን፣ ታይሮይድና ፖታሲየም በአንድ የደም ቅጅ ይታያሉ። ከምቱ ጋር ራሱን የሳተ፣ ደረቱን ያመመው፣ ስፖርት ሲሠራ የሚነሣበት፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነት ድንገት የሞተ ሰው ያለበት ግን ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ይሂድ።

ከመጀመሬ በፊት በወረቀት ከተሰጡኝ ጥያቄዎች ሁለቱን እዚሁ ልመልስ። አንደኛው፦ «ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን እወስዳለሁ፤ ጸበል ልግባ ወይ?» ግቡ፤ ክኒኑን ግን አታቋርጡ። በሩ ጠብቦ የተለጠጠ ልብ ያለበት ሰው ክኒኑን ለሰባት ቀን ሲተው የረጋ ደም ለመፈጠር ጊዜ ያገኛል። አዲስ ነው፣ ምርመራ አይፈልግም ተብሎ በሌላ ይለወጥልኝ የምትሉም አላችሁ፤ በ2022 በ24 አገሮች፣ ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ላይ የታተመው ጥናት በአሮጌው የዋርፋሪን ዓይነት መድኃኒት የታከሙት በአዲሱ ሪቫሮክሳባን ከታከሙት ያነሰ መሞታቸውን አሳይቷል።

ሁለተኛው ስለ ሱኩማ ዊኪ ነው፤ ጎመንም ያው ነው። ቅጠሉ ቫይታሚን ኬ አለበት፤ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። «ጎመን ተው» የሚላችሁን አትስሙ፤ ሐኪሙ የክኒኑን መጠን የሚያስተካክለው በምትበሉት ልክ ነው፤ እናንተ መጠኑን አታወላውሉ። በሁዳዴ ጎመኑ ይበዛል፤ በፋሲካ ማግስት ሥጋው ይመጣና ጎመኑ ይጠፋል፤ ደሙም በአንድ ሳምንት ይለዋወጣል። ጾሙ ሊገባ ሲልና ከተፈታ በኋላ ሄዳችሁ ደማችሁ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚያሳየውን አይኤንአር አስለኩ።